ፎቶግራፍ ማንሣትን እርስ በርስ ስለ መማማር



በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ፣ ይኸውም ስለ ፎቶግራፍ ማንሣት እንማማራለን። በመካከላችን ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። ጥቂቶቹ ከዘመድ የተዋሱት ካሜራ አላቸው፤ አብዛኞቻችን ግን የምናነሣው በእጅ ስልካችን ነው። ሆኖም ግን ሁላችንም ለየብቻችን እናነሣለን፤ ለየብቻችንም እንሳሳታለን። ከዚህም የተነሣ አንዱ የተሳሳተውን ስሕተት ሌላው ደግሞ እንደ አዲስ ይሳሳተዋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ያወቅነውን ለጓደኛችን መንገር ለምን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚደረግ ማሳየት ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህ አባባል በፎቶግራፍም ረገድ እውነት መሆኑን የተማርሁት ከራሴ ጥፋት ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ጥፋቴን እናገራለሁ።

1ኛ/ የተደበቀች ምክር

ከሁለት ዓመት በፊት ከሰንበት ት/ቤታችን አራት ልጆች ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመርን። በጥምቀት በዓል ያነሣኋቸው ጥቂት ምስሎች በጓደኞቼ ዘንድ ተወደዱልኝ። ይህ የሆነው ልዩ ተሰጥዎ ስለ ነበረኝ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ሁለት ነገር ስለ ነገረኝ ነው፤ አንደኛው የሚነሣውን ሰው ፊት ወደ ብርሃን ማዞር፣ ሁለተኛው በስልኩ መስታወት ላይ የሰውየውን ፊት በጣት መንካት። የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ነገር ግን «ያንተ ፎቶ ላይ ፊት እንዴት እንዲህ ይጠራል?» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ስለ ነበር መልሱን ለራሴ ያዝሁት።

ከአራታችን የአንደኛው ቤተሰቦች የሚኖሩት አንኮበር ነው። አንድ ቀን ወደ አገሩ ሊሄድ ሲነሣ፣ «እማማን ፎቶ ላነሣት ነው፤ አንተ ፊት የምታጠራው እንዴት አድርገህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ስልኩ ነው እንጂ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አልሁት። ውሸት ነበር። የእርሱ ስልክ ከእኔ ስልክ አያንስም ነበር።

ጓደኛዬ አንኮበር በገባ በማግሥቱ ጧት አያቱን ከቤታቸው ደጃፍ አቆማቸው። አያቱም የክት ነጠላቸውን ለብሰው ቆሙለት። እርሱ ከበስተኋላቸው እስከ አፋር ቆላ ድረስ የሚታየው ገደልና ሰማይ አብሮ እንዲገባለት ፈለገ። አንኮበር ወደ ምሥራቅ በሚመለከት ገደል አፋፍ ላይ ያለች ስለሆነች፣ የጧት ፀሐይ የምትወጣው ከዚያው ከቆላው በኩል ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ሁሉ ከአያቱ ጀርባ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አነሣቸው። ሰማዩ አማረ፤ ተራራውም አማረ፤ የአያቱ ፊት ግን ጠቆረ። ከነጠላቸው ጠርዝ በስተቀር ከእርሳቸው የሚለይ ነገር አልነበረም። ፀሐይ ላይ ቆሞ በትንሿ መስታወት ስላየው ይህ አልታወቀውም።

በዚያው ዓመት በግንቦት አያቱ ዐረፉ። እንደሚታወቀው በልማዳችን የሟች ፎቶግራፍ ጎልቶ ይታጠብና ለለቅሶ ይያዛል፤ ኋላም ከቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶግራፍ ከዘመን ብዛት ተፋፍቆ ምንም አይታይበትም ነበርና፣ የቀረችው ያች አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ ሆነች። ጓደኛዬ ደብረ ብርሃን መጥቶ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰዳት። ባለሙያው ደጋግሞ ሞከረና፣ «ልጄ፣ ካሜራው ያላየውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» አለው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሌሊቱን በኮምፒዩተር ብርሃኑን ብጨምር ብጨምር፣ ፊታቸው አመድ የመሰለ ነጠብጣብ ሆነ እንጂ ዓይናቸው እንኳ አልወጣም።

በዚያች ሌሊት እውነቱን ነገርሁት። «ቦታ ብትለዋወጡ ኖሮ ይበቃ ነበር። አንተ በቆላው በኩል፣ እርሳቸው በቤቱ በኩል። ጥቂት እርምጃ ነው። እያወቅሁ ነው ያልነገርሁህ» አልሁት። ጓደኛዬ አልተቆጣኝም። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሌላስ የምታውቀው ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ደብቄ ማስቀመጥ አልቻልሁም። ቀጥሎ የምጽፈውም በዚያች ጥያቄ የተነሣ ነው።

2ኛ/ ፎቶግራፍ ምንድር ነው? ወደ እኛስ እንዴት ደረሰ?

«ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በብርሃን መጻፍ» ማለት ነው። እኛም የምንኖረው ስሟን ከብርሃን ባገኘች ከተማ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ሥፍራ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ስለ ታየ ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው እንደ ሰየሙትና ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩበት ይነገራል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ።

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ የተገለጸው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ደረሰ። በጓዱ ውስጥ በርናትስ የሚባል ሠዓሊ ነበረ፤ የዚያን ዘመን አንኮበርና ሸዋን ለማየት ዛሬም ወደ እርሱ ሥዕሎች እንሄዳለን። በ1879 እ.ኤ.አ. ደግሞ አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ከንጉሥ ምኒልክ ዘንድ አንኮበር መጣ። ኢልግ በኢትዮጵያ በኖረባቸው ዓመታት ፎቶግራፍ ያነሣ ስለ ነበር ምስሎቹ ዛሬ የታሪክ ምስክሮች ሆነዋል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ሙያው ለልጆቹ ለሃይካዝና ለቶርኮም ተላለፈ፤ እነርሱም በንግሥት ዘውዲቱና በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራውን ቀጠሉ። እንግዲህ አባት ለልጅ ስላወረሰ አንድ ሙያ በሦስት ነገሥታት ዘመን ኖረ። ነገር ግን ሙያ በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ ሲወረስ ከዚያ ቤት ያልተወለደው ምን ያድርግ? ለዚህ ጥያቄ በዘመናችን ከተሰጡት መልሶች አንዱ የአዲስ ፎቶ ፌስት ነው። ይህን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል በ2010 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የመሠረተችው ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ናት። በዚያም የአገራችንና የሌላ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን ጎን ለጎን ሰቅለው አሳይተዋል፤ አንዱ ከሌላውም ተምሯል። እኛ ፌስቲቫል የማዘጋጀት አቅም የለንም። አራት ሆነን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ምስል መተያየት ግን አያቅተንም።

3ኛ/ ስለ ብርሃን ልናውቀው የሚገባን

ካሜራ የሚቀበለው ከሰው ወይም ከዕቃ ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ስለዚህ ከማንሣታችን በፊት «ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለን እንጠይቅ። የአንኮበር ተወላጅ የሆኑት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩትን 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሰፋ የመስታወት ሥዕል ያየ ሰው ይህን ይረዳል። የዚያ ሥዕል ቀለም የሚያበራው የቀን ብርሃን በመስታወቱ ውስጥ ሲያልፍ ነው። እኛም በትንሹ ሥራችን ብርሃንን አስቀድመን እንቁጠረው።

ሀ/ ፊት ወደ ብርሃን ይዙር። ከሰውየው ጀርባ የሚያበራ ሰማይ ካለ ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ፊትም ይጠቁራል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ቦታ መለዋወጥ ነው። ሁለተኛው፣ ገደሉ የግድ ከጀርባ እንዲታይ ከተፈለገ፣ በስልኩ መስታወት ላይ የሰውየውን ፊት መንካት፣ ከዚያም በብዙ ስልኮች ላይ ብቅ የምትለውን ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋት ነው። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ይነጣል፤ ፊቱ ግን ይወጣል። ከሰማይና ከሰው ፊት አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን የሰውን ፊት እንምረጥ። ሰማዩ ነገም አለ።

ለ/ ነጭ ልብስ ካሜራን ያታልላል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለዋልና ነጩን ግራጫ፣ ጠይሙን ፊት ጥቁር ያደርገዋል። ስለዚህ በጥምቀትና በመስቀል ስናነሣ ብርሃኑን በጥቂቱ እንጨምር። የአንኮበር ጉምም እንዲሁ ነው። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ስናነሣ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ካሜራው ከልክ በላይ ስለሚያነጣው ጥቂት እንቀንስ።

ሐ/ ከቀትር ፀሐይ ወደ ታዛ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሰማዩ በጠራ ጊዜ የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ከአናት ስለምታበራ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፤ ባርኔጣ የለበሰ ሰው ደግሞ ግማሽ ፊቱ ይጠፋል። በዚህ ሰዓት ሰውየውን ከታዛ ሥር አቁመን ፊቱን ወደ ውጭ እናዙር። ብርሃኑ ለስላሳ ይሆናል፤ ሰውየውም ዓይኑን አይጨፍንም።

መ/ አንዱ ያንሣ፣ አንዱ ነጠላ ይያዝ። ብርሃን በአንድ ጎን ብቻ ሲመጣ ሌላው ጉንጭ ይጨልማል። በጨለመው በኩል አንድ ጓደኛ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ዘርግቶ ቢይዝ፣ ከነጩ ላይ የሚነጥረው ብርሃን ያንን ጉንጭ ያበራዋል። ዋጋ የማያስወጣ ዘዴ ነው። ሆኖም ግን ለብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል።

ሠ/ ጧት አንኮበር፣ ማታ ደብረ ብርሃን። ለስላሳውና ወርቃማው ብርሃን የሚገኘው ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ነው። በአገራችን ፀሐይ ፈጥና ወደ ላይ ስለምትወጣ ይህ ብርሃን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አንኮበር በምሥራቅ በኩል ገላጣ ስለሆነች ጧት ታምራለች፤ ማታ ግን ከምዕራብ ያለው ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ ይጋርድባታል። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ስለሆነች የማታው ብርሃን እስከ መጨረሻው አይለያትም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ቀኑን በሁለቱ መክፈል ይቻላል።

ረ/ ቤት ውስጥ በር ይበቃናል። አንድ በር ብቻ ባለው ቤት ውስጥ ፍላሽ ማብራት አያስፈልግም። ሰውየው ከበሩ ሁለት ክንድ ያህል ገባ ብሎ ፊቱን ወደ በሩ ሰጥቶ ይቀመጥ። እኛ ብርሃኑን ሳንጋርድ ከበሩ ጥግ ሆነን እናንሣ። የጧፍ ብርሃን ባለበትም ፍላሹን አጥፍተን፣ ክርናችንን ከግድግዳ አስደግፈን፣ ትንፋሻችንን ይዘን እናንሣ።

4ኛ/ ስለ ካሜራና ስለ አያያዙ

ካሜራ ብርሃንን የሚመጥነው በሦስት ነገር ነው። በቧንቧ እንስራ ከመሙላት ጋር ብናመሳስለው በቀላሉ ይገባናል። የመጀመሪያው አፐርቸር የሚባለው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ሲሆን፣ ቧንቧውን ምን ያህል እንደ ከፈትነው ያለ ነው። ሁለተኛው ሸተር የሚባለው መዝጊያ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ሲሆን፣ ውሃው ለምን ያህል ጊዜ እንደ ፈሰሰ ያለ ነው። ሦስተኛው አይ ኤስ ኦ ነው። ይህ እንስራው ሳይሞላ እንደ ሞላ አድርጎ መቁጠር ነው፤ በጨለማ ይረዳናል፣ ግን ሲበዛ ምስሉን በነጠብጣብ ይሞላዋል። በብዙ ስልኮች የሌንሱ ቀዳዳ የማይለወጥ ስለሆነ የምናዛቸው ሁለቱን የኋለኞቹን ነው።

በእጅ ይዘን የቆመ ሰው ስናነሣ መዝጊያው በ1/60 ሰከንድ ወይም ከዚያ በፈጠነ ጊዜ ቢዘጋ መልካም ነው። ከዚያ ከዘገየ የእጃችን መንቀጥቀጥ ምስሉን ያደበዝዘዋል። የሚጋልብ ፈረስ ለማንሣት ግን 1/500 ሰከንድና ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል።

የአገራችን ብርድ ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወራት የስልክና የካሜራ ባትሪ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ እስክናነሣ ድረስ ከውስጥ ኪስ፣ ከሰውነታችን አጠገብ እናሙቀው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስንገባ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል፤ በዚህ ጊዜ መጥረግ ሳይሆን ጥቂት ታግሦ መጠበቅ ይሻላል። አቧራ ሲኖር አስቀድመን እፍ ብለን እናራግፈው፤ ከዚያ በንጹሕና በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ እንጥረገው። አቧራ በያዘ ጋቢ ጫፍ መጥረግ ሌንሱን ይጭረዋል።

5ኛ/ ስለምናነሣው ሰውና ፍጥረት

ጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ ከመጥፎው የሚለየው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በአክብሮቱም ነው። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ስናነሣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ፤ ፎቶ ላንሣዎት?» ብለን እንጠይቅ። አይሆንም ካሉ አመስግነን እንለፍ። ከሩቅ ሰርቆ ማንሣት ብልሃት አይደለም። የተቸገረን ሰው ለመታያ ብለን አናንሣ።

በቤተ ክርስቲያን ካህናቱ ሳይፈቅዱ አናንሣ። በጥንታዊ ሥዕልና በብራና ላይ ፍላሽ አናብራ። በበዓል ቀን የተሻለ ቦታ ለማግኘት ብለን ከታቦት ፊት አንሩጥ፣ ሕዝቡንም አንጋፋ። ሰው ለጸሎት በመጣበት ቦታ እንቅፋት መሆን ጥሩ ፎቶግራፍ አያስገኝም።

ለቅሶ ላይ ቤተሰቡ ካልጠየቀን ካሜራ አናውጣ። እርግጥ ነው፣ ኀዘንም ሊመዘገብ የሚገባው ጊዜ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በወደቀ ጊዜ ኢትዮጵያዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሙሉጌታ አየነ የሟቾቹን ቤተሰቦች ኀዘን በምስል መዝግቧል። በዚህም ሥራው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም የፕሬስ ፎቶ ውድድር በትኩስ ዜና ተከታታይ ምስሎች አንደኛ ሆኗል። ዓለም የኀዘኑን ክብደት ያየው በሰዎቹ ፊት ላይ ነው። እኛ ግን የዜና ሰዎች ስላልሆንን የጎረቤታችን ዕንባ የእኛ ማሳያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

አካባቢያችን የእንስሳትም ሀብት አለው። በአንኮበርና በመንዝ ጓሳ ያለው ጭላዳ ዝንጀሮ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ፣ ጧት ወደ አፋፉ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያም ተቀምጦ ሣር ይነጫል። የወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ምልክት ጎልቶ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ለማንሣት ከፈለግን ዝቅ ብለን እንቀመጥና እንጠብቅ፤ አናባርረው፣ ምግብም አንስጠው። በአካባቢያችን ሁሉ ነገር ታይቶ ያለቀ አይምሰለን። ስሟ በሳይንስ ከአንኮበር የተሰየመላት አንዲት ትንሽ ወፍ በተመራማሪዎች የተገኘችው ገና በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ በገደሉ ላይ ትኖር ነበር፤ ልብ ብሎ የመዘገባት ግን አልነበረም።

6ኛ/ እንዴት እንማማር?

ከዚያ ግንቦት ወዲህ እኛ አራታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መገናኘት ጀመርን። አሁን ቁጥራችን ጨምሯል። ሌሎችም እንዲሞክሩት ያቋቋምነውን ደንብ እነሆ፤

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አንድ የተሳካና አንድ የተበላሸ ምስል ይዞ ይመጣል። ሁላችንም የተበላሸ ምስል ይዘን ስለምንመጣ የሚያፍር የለም። እስካሁን ብዙ የተማርነውም ከተበላሹት ነው።

ሁለተኛ፣ አስተያየት የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ በምስሉ ላይ ያየውን ይናገራል፤ ቀጥሎ «ምን ለማሳየት ፈልገህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም አንድ እርማት ብቻ ይሰጣል። አሥር ስሕተት በአንድ ቀን የተነገረው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም። «ጥሩ ነው» ብቻ የተባለውም ምንም ሳይማር ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ «እንዴት አነሣኸው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ መናገር አለበት። «ስልኩ ነው» ማለት በእኛ ዘንድ የተከለከለ ነው። ይህን ሦስተኛውን ደንብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።

አራተኛ፣ የተሻለ ካሜራ ያለው ለሌለው ያውሳል። የተዋሰውም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል።

«የእኔ ስልክ ደካማ ነው» ብላችሁ ያዘናችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመካከላችን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ያላት አንዲት እህት አለች። ፀሐይ ላይ ምን እንደምታነሣ አታይም። አንድ ቅዳሜ እናቷ ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ፣ እጃቸውንና እንዝርቱን ብቻ አንሥታ አመጣች። ብርሃኑ ከጎን ስለ መጣ የእጃቸው ሥርና የክሩ ቅጥነት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁላችንም ዝም ብለን አየነው። ያን ቀን ስለ ካሜራ ዋጋ ያነሣ አልነበረም። ዕቃው ሳይሆን ብርሃኑን ማወቋና እናቷን ደጋግማ ማየቷ ነው ያንን ምስል የሰጣት።

7ኛ/ አሳጥቦ ስለ መስጠትና ስለ ማስቀመጥ

በስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ምስል እንዳለ አይቆጠር። ስልክ ይሰበራል፤ ይጠፋል፤ ይሰረቃል። ስለዚህ የምንወዳቸውን ምስሎች ሁለት ቦታ እናስቀምጥ። ከሁሉ ይልቅ ጥቂቶቹን አሳጥበን ለተነሡት ሰዎች እንስጥ። «አመጣልዎታለሁ» ብሎ መቅረት በእኛ በወጣቶች ላይ የተለመደ ነውር ሆኗል። ያነሣናቸው እናት ግን በየቀኑ ይጠብቁናል። በፎቶግራፉ ጀርባ ጠርዝ ላይ ብዕሩን ሳንጫን የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን እንጻፍ። ከጭስ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይም እናርቀው።

የቤተሰብ ፎቶግራፍ የታሪክ ሰነድ ሊሆን እንደሚችል በአዲስ አበባ የተሠራ አንድ ሥራ ያሳያል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ የተዘጋጀው የከተማው ነዋሪዎች ከየቤታቸው አልበም ካወጧቸው የድሮ ፎቶግራፎች ነው። ሠርግ፣ የተማሪ ቤት ጓደኞች፣ የእሑድ ሽርሽር ሁሉ አለበት። እነዚያን ምስሎች ያነሡና ያስቀመጡ ሰዎች ለመጽሐፍ ብለው አላደረጉትም። ሆኖም ግን በመጠበቃቸው ለትውልድ ደረሱ። ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ቤቶችስ ምን ያህል እንዲህ ያለ ምስል ይወጣ ይሆን?

በመጨረሻ፣ የጀመርሁትን ነገር ልጨርስ። የጓደኛዬ ወንድ አያት በሕይወት አሉ። ባለፈው ጥር አራታችንም አንኮበር ሄድን። ጧት ከቤቱ ደጃፍ ፊታቸውን ወደ ቆላው፣ ወደ ፀሐይዋ አዙረው ተቀመጡ። ያነሣቸው ጓደኛዬ ነው። እኔ በጨለመው ጉንጫቸው በኩል ነጠላ ዘርግቼ ያዝሁ። በሁለተኛው ሳምንት አሳጥበን፣ በመስታወት አስገብተን ወሰድንላቸው። አባባ ፎቶግራፉን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩት። ሽበታቸውን፣ የዓይናቸውን ሽፋሽፍት፣ የጋቢያቸውን ጥለት ተመለከቱ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «የእርሷስ?» አሉ።

ጓደኛዬ ያችን የጠቆረች ፎቶግራፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። እዚህ ድረስ ይዟት እንደ መጣ እኔ አላወቅሁም ነበር። አባባ ለረጅም ጊዜ አዩዋትና ጣታቸውን በነጩ ጠርዝ ላይ አሳለፉ። «አዎ፣ ነጠላዋ ነው» አሉ። ሁለቱንም ጎን ለጎን እንድንሰቅልላቸው ጠየቁን፤ ሰቀልንላቸው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የምታውቁት ነገር ጥቂት ነው ብላችሁ አትናቁት። እኔ የደበቅሁት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተበላሸ ምስላችሁን ይዛችሁ ኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ያወቅነውን ለጓደኛችን እንዳንነግር የሚከለክለን ምንድር ነው? መመስገን መፈለግ ነው? እንበለጣለን ብሎ መፍራት ነው? ወይስ ሌላ?

2. ነጭ የለበሰ ሕዝብ በካሜራ ሲነሣ ፊት ለምን ይጠቁራል? መፍትሔውስ?

3. በቤታችሁ ያለውን የቆየ ፎቶግራፍ አንድ አምጡ። በምስሉ ያሉትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ማን ነው? ተጽፎ ተቀምጧልን?

4. ፎቶግራፍ ያልተነሣ ወይም ፎቶግራፉ የጠፋበት አረጋዊ በጎረቤታችሁ አለን? በዚህ ወር ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አስፈቅዳችሁ አንሡ፤ አሳጥባችሁም አድርሱ።